ኦሊሴት ፕላስ አጎበር፦ የትንኟን ነርቭ የሚይዝበት መንገድና የአቅሙ ወሰን

የጃፓኑ ሱሚቶሞ ኬሚካል የሚያመርተው ኦሊሴት ፕላስ ሁለት ኬሚካሎች ከክሩ ጋር ተዋህደው የተሠሩበት አጎበር ነው፤ ከክሩ ክብደት 2 በመቶው ፐርሜትሪን፣ 1 በመቶው ደግሞ ፒቢኦ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ ነው። ክሩ ፖሊኤትሊን በመሆኑ ከፖሊስተር አጎበር ይልቅ ሻከር ይላል፤ ነገር ግን ኬሚካሉ ከክሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አጎበሩ ታጥቦ የላይኛው ኬሚካል ቢቀንስም ኃይሉ ከቆይታ በኋላ ይመለሳል። ይህን ጥቅም በማየት ሻካራነቱን በደስታ እቀበለዋለሁ።

ትንኟ በአጎበሩ ላይ ስታርፍ ፐርሜትሪኑ በእግሯ በኩል ወደ ሰውነቷ ይገባል። በነርቭ ሕዋሶቿ ላይ ያሉት የሶዲየም ቻናሎች በተለመደው ጊዜ ለቅጽበት ተከፍተው ወዲያው የሚዘጉ በሮች ናቸው፤ ፐርሜትሪን ግን በሩ እንዳይዘጋ ስለሚይዘው ነርቩ ያለማቋረጥ መልእክት ይለቃል። እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ መብረር ይሳናታል፣ በመጨረሻም በጀርባዋ ትወድቃለች። የሰው ነርቭም የሶዲየም ቻናል አለው፤ ሆኖም የነፍሳት ቻናል ለኬሚካሉ እጅግ ስሱ ከመሆኑም በላይ የእኛ ጉበት ፐርሜትሪንን ፈጥኖ ስለሚሰባብረው፣ ሕፃናትም ነፍሰ ጡሮችም ያለ ስጋት ሊተኙበት ይችላሉ።

ፒቢኦ የተጨመረው ትንኝ እንዲገድል አይደለም። መድኃኒቱን የተላመዱ ትንኞች ፐርሜትሪን ነርቭ ዘንድ ሳይደርስ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ያበዛሉ፤ ፒቢኦ እነዚህን ኢንዛይሞች ያግዳል። ሁለተኛው የመቋቋሚያ መንገድ ግን በራሱ በሶዲየም ቻናሉ ላይ የሚከሰት ለውጥ ነው፤ በ1014ኛው ቦታ ያለው አሚኖ አሲድ ከሊዩሲን ወደ ፌኒልአላኒን ሲቀየር ፐርሜትሪን በሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ፒቢኦም ይህን ሊያስተካክል አይችልም። ለእኛ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ ይህ ለውጥ በአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ በሆነችው አኖፊለስ አራቢየንሲስ ላይ በተለያዩ አካባቢዎች ተገኝቷል።

በታንዛኒያ ሙሌባ ወረዳ በተደረገ ሙከራ ኦሊሴት ፕላስ በልጆች ላይ የሚታየውን የወባ ኢንፌክሽን ፐርሜትሪን ብቻ ካለው አጎበር በግልጽ በላቀ ሁኔታ ቀንሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ፒቢኦ ላላቸው አጎበሮች ድጋፉን የሰጠው በዚህ ውጤት መነሻነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው፣ በዚያው በታንዛኒያ በሚሱንግዊ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ግን ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ያለውን ገጽታ አሳይቷል፤ በወባ የተያዙት ልጆች አንድ ፓይሬትሮይድ (ፐርሜትሪን የሚመደብበት የኬሚካል ቤተሰብ) ብቻ ባለው አጎበር 46 በመቶ ገደማ፣ በኦሊሴት ፕላስ 41 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። ክሎርፈናፒር የተባለ ሌላ ኬሚካል በተጨመረበት ኢንተርሴፕተር ጂ2 አጎበር ግን 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ክሎርፈናፒር የሶዲየም ቻናሉን ሳይነካ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ ስለሚያውክ፣ የቻናሉ መለወጥ ትንኟን ከእሱ አያድናትም።

ስለዚህ ምርጫው ካለ ኢንተርሴፕተር ጂ2ን አስቀድማለሁ። ከኦሊሴት ፕላስና ከተራው አጎበር አንዱን መውሰድ ግድ ከሆነ ግን ኦሊሴት ፕላስ ይሻላል፤ አዲሱን ከመስቀል በፊት ለ24 ሰዓት ጥላ ሥር ማናፈስ፣ ሲቆሽሽም በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማድረቅ ያስፈልጋል።