«24 ሰዓት ያሞቃል» ተብሎ የተሸጠልኝ ፔርሙዝ፦ ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። 6,000 ብር የእቁብ ገንዘቤን ሰጥቼ ሁለት ቆርቆሮ ተሸክሜ ከመጣሁ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሌላ ሰው ሳይታለል ብዬ ነው የምጽፈው።

ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ቡና እሸጣለሁ። ተሳፋሪ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይመጣል። የወልድያው፣ የኮምቦልቻው፣ የአዲስ አበባው። የደሴን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል። በዚያ ሰዓት ሰው የሚፈልገው እጁን የሚያሞቅለት ብርጭቆ ነው። ድሮ አበባ የተሳለበት፣ ውስጡ መስታወት የሆነ ፔርሙዝ ነበረኝ። ባለፈው ወር ወድቆ መስታወቱ ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳሁ ከሰል አያይዛለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። እቁቡ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ፔርሙዝ ነው።

ፒያሳ ካሉት የቤት ዕቃ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ገና በሩን ሳታልፉ «እህቴ ግቢ፣ ማየት በነፃ ነው» የሚሉት። ዕቃው ሁሉ «ኦርጅናል» ነው፣ ዋጋው ሁሉ «ላንቺ ስል» ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ባለ 3 ሊትር ፔርሙዝ ቆሟል። ባለቤቱ ራሱ መጣ። «ይሄን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የሞላነው» አለኝ። ሰዓቱ 9 ሆኗል። ክዳኑን ፈታው። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ብርጭቆ ላይ ቀዳልኝ፤ በሁለት ጣቴ መያዝ አቃተኝ። ከዚያ እጄን ይዞ የፔርሙዙን ሆድ አስነካኝ። እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። «አየሽ? ሙቀቱ ወደ ውጭ አይወጣም። ውጭው ከሞቀ ሌባ ነው። ይሄ ግን 24 ሰዓት ያሞቃል። አብሽሪ!» አለኝ።

አበሸርኩ። ዋጋው ለአንዱ 3,200 ነው። ሁለት ከወሰድኩና ደረሰኝ ካልጠየቅኩ በጠቅላላው 400 ብር ይቀንስልኛል። እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። 400 ብር አተረፍኩ ብዬ ብቸኛ ማስረጃዬን በገዛ እጄ ተውኩት። የሱቁ ልጅ ከጓዳ ሁለት የታሸገ ካርቶን አመጣ። «እዚህ አትክፈቺው፣ አቧራ ነው» አለኝ። ይሄንንም እሺ አልኩ። ናሙናውን አይቼ ካርቶን ገዛሁ።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ሻዬን አፈላሁ። ሁለቱንም በሙቅ ውሃ አለቅልቄ ሞላሁ። 24 ሰዓት ያሞቃል ከተባለ፣ ለ6 ሰዓት ምን ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያዬ ሙሉ እንቅልፍ ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የመጀመሪያው ደንበኛዬ ወደ ወልድያ የሚሄዱ አንድ አባት ነበሩ። ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። አንዴ ፉት አሉ። ምንም አላሉኝም። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ብሩን አጠገቡ አኖሩና ጋቢያቸውን አጥብቀው ሄዱ። ሻዩ ሙሉውን ቀርቷል። ቀመስኩት። ለብ ያለ ነው። ብሩን ይዤ ሮጥኩ፤ መኪናው ወጥቷል። ወላሂ፣ ከ6,000 ብሩ የእሳቸው ዝምታ ይበልጥ አቃጠለኝ።

እቤት ስመለስ ሰውየው ራሱ ያስተማረኝን ሞከርኩ። ውሃ አፍልቼ ሞላሁ። ሆዱን ነካሁት። አስር ደቂቃ ሳይሞላ መሞቅ ጀመረ። ሙቀቱ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። «ውጭው ከሞቀ ሌባ ነው» ያለው ራሱ ነው።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። አሁን ከዚህ በኋላ ያለውን አስተውሉልኝ። ገና ስገባ «እህቴ» የሚለኝ ልጅ የለም። «ምንድነው ሴትዮ?» ሆነ። ነገርኩት። «ውሃው ሳይፈላ ሞልተሽው ይሆናል» አለ። ከሃያ ዓመት በላይ ሻይ ሳፈላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላኛው ከስልኩ ቀና ሳይል «የደሴ ብርድ ነው እንጂ ዕቃው ምንም አይልም» አለ። ባለቤቱ መጣ። እኔም አልጮህኩም። «ወንድሜ፣ እንከራከር አላልኩም። ፍል ውሃ አስመጣ። የእኔንና ያንን ናሙና እኩል ሙላቸው። አስር ደቂቃ ቆይተን ሁለቱንም እንንካቸው» አልኩት።

ዝም አለ። አየኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ናሙናውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ስር አስገባው። እንፋሎቱን ያሳየኝ፣ እጄን ይዞ ያስነካኝ ያንኑ ፔርሙዝ። ቀና ሲል «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ።

ያቺን እጅ አልረሳትም። ዕቃው መጥፎ መሆኑን ሳያውቅ ሸጦልኝ ቢሆን ኖሮ ናሙናውን ለምን ይደብቃል? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስህተት ነው ብዬ ነበር የሄድኩት።

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ነው። ስናደድ አይቶ «እንየው» አለ። ጎረቤታችን በያጅ ነው፤ አንዱን በብረት መቁረጫ ለሁለት ከፈለልን። ከመክፈሉ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ በሳው። ልጁ እንዳለኝ፣ እውነተኛው ፔርሙዝ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ያለው አየር ተመጥጦ የወጣ ነው። ሲበሳ አየር ይስባል፣ ፉጨት ያሰማል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም። ተከፈለ። ሁለት ስስ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ተራ አየር፣ ከስሩ የእጅ መዳፍ የምታክል ስፖንጅ። በቃ።

ፔርሙዝን መጀመሪያ የሰራው ጀምስ ደዋር የሚባል የስኮትላንድ ሳይንቲስት ነው አለኝ ልጁ፣ በ1892 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ሙቀት በንክኪ ይሄዳል፣ በሚንቀሳቀስ አየር ይሄዳል፣ በጨረርም ይሄዳል። አየሩ ከወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንገድ ያጣሉ። ጨረሩን ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ግድግዳ ይመልሰዋል። ያ የተሰበረብኝ የድሮ ፔርሙዝ ሆዱ መስታወት የሆነው ለጌጥ አልነበረም ለካ።

ሁለተኛውን ፔርሙዝ አላስቆረጥኩትም። ልጁ ከትምህርት ቤት መምህሩን አስፈቅዶ ቴርሞሜትር አመጣ። አራት ባለ 1 ሊትር የማር ጠርሙስ ሰበሰብን። እንዳይሰነጠቁ አስቀድመን አሞቅናቸው። አንዱን ራቁቱን ተውነው። አንዱን በፎይል ጠቀለልነው። አንዱን በጋቢ ደራርበን ሸፈንነው። አንዱን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከጭድ መሐል ቀበርነው። ከጎናቸው የእኔን የ3,000 ብር ፔርሙዝ፣ ከጎረቤት የተዋስኩትን የድሮ የመስታወት ፔርሙዝ አቆምን። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞልተን ስንለካ ሁሉም 88 ነበሩ። ቤቱ 17 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጠበቅን።

ራቁቱ ጠርሙስ 24 ደረሰ። ፎይሉ 33። ጋቢው 56። የእኔ ፔርሙዝ 57። ጭዱ 67። የጎረቤቴ የመስታወት ፔርሙዝ 80።

እንግዲህ እዩት። የእቁብ ገንዘቤ ከጋቢ በ1 ዲግሪ ነው የበለጠው። ጭድ በለጠው! ልጁ እንዳለው ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የእኔው ፔርሙዝ 3 ሊትር ይዞ፣ 1 ሊትር በያዘ ጠርሙስ ነው የተሸነፈው። ጭዱ ለምን እንዳሸነፈም አስረዳኝ። አየር ራሱ ሙቀት በማሳለፍ ሰነፍ ነው፤ ግን ከቆመ ብቻ ነው። ጭድ አየሩን በየቀዳዳው ይዞ ያስቆመዋል። በእኔ ፔርሙዝ ሁለት ቆርቆሮ መሐል ግን እንደ ልቡ ይዞራል፣ ከውስጥ ሙቀት እያነሳ ወደ ውጭ ያመላልሳል። እናቶቻችን ድስት በጋቢ ሲጠቀልሉ ይሄን ያውቁ ነበር። እኔ ነኝ እንፋሎት አይቼ የረሳሁት።

ለመክሰስም ጠይቄ ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይላል። ግን የገዛሁት ከእሱ መሆኑን በምን ላሳይ? ያቺ 400 ብር።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ። የምትወስዱትን ራሱን በፍል ውሃ አስሞሉ፣ አስር ደቂቃ ቁሙ፣ ከክዳኑ ራቅ ብላችሁ ሆዱን ንኩ። ከሞቀ ውጡ። ደረሰኝ ያዙ።

ለሁለት የተከፈለው ፔርሙዝ ከሻይ ጠረጴዛዬ ስር ነው ያለው። በመናኸሪያው በር የምታልፉ ጠይቁኝ፣ አውጥቼ አሳያችኋለሁ።