ሮም ወይስ ቪየና? ወደ አገር ቤት ሲሄዱ በአውሮፓ ብርድ ሁለት ሌሊት ለማደር ለሚያስቡ

ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ወዳጆቼ ኅዳር በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይደውላሉ፤ ጉዞው አውሮፓ ላይ መቆረጡ ካልቀረ፣ በአነስተኛ ወጪ፣ ቦርሳ በጀርባ ይዘን የት ብናድር ይሻላል ይላሉ። በብዛት የሚያመነቱት በሮምና በቪየና መካከል ሲሆን፣ ከሁለቱም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። እኔ ሮምን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ከሞላ ጎደል የዋጋ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲያወዳድር የሚያየው የአልጋ ኪራይን ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከበዓሉ ግርግር በኋላ በሁለቱም ከተሞች በጋራ መኝታ ክፍል አንድ አልጋ ከ20 እስከ 35 ዩሮ ባለው ውስጥ ይገኛል፤ የከተማው የአዳር ግብር ለብቻው ይከፈላል። ትልቁ ልዩነት በብርድ ወራት ለመሞቅ በሚወጣው ገንዘብ ላይ ነው።

በጥር ወር የቪየና አየር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማም ፀሐይ ትጠልቃለች። ውጭ አንድ ሰዓት የቆየ ሰው የሚያስበው ስለ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን የትኛው በር ውስጥ ልግባ ብሎ ነው፤ በገባበት ሁሉ ደግሞ ይከፍላል። ታላቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያው ከ20 ዩሮ በላይ ነው። የከተማዋ ዝነኛ ቡና ቤቶች በእርግጥ ደግ ናቸው፤ አንድ ቡና በትንሽ ሰሃን ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ቀርቦ ለሰዓታት ቢቀመጡ ማንም ተነሥ አይልም፤ ሆኖም ያ አንድ ቡና ሮም ውስጥ ቆመው የሚጠጡትን የሦስትና የአራት ሲኒ ዋጋ ያወጣል። በዚህ ላይ ልብሱ አለ። አዲስ አበባ ሲደርስ የማይለበስ ወፍራም ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ለሁለት ቀን ብቻ መግዛት፣ ከቲኬቱ የተቆጠበውን ገንዘብ እንዳለ ይበላዋል። አብራኝ የተጓዘች የአክስቴ ልጅ ይህን ወጪ ለመቀነስ የታወቀ ስም የተሰፋበት ኮፒ ቦቲ ገዝታ መጣች፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃ በሆነበት መንገድ ላይ ሶሉ ከፊት በኩል ተገንጥሎ እንደ አፍ ተከፈተ። ጫማ ሠሪው ተመልክቶ የጠየቀው የማጣበቂያ ዋጋ ከተገዛበት ስለበለጠ፣ ሌላ ጫማ ገዝታ ያንን እዚያው ጣለችው። ሮም ግን በዚያው ወር ቀን ቀን እስከ 12 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ይህ የአዲስ አበባን ማለዳ ለሚያውቅ ሰው ሹራብና ጃኬት የሚበቃው አየር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በእግር ማሳለፍ ይቻላል።

በእግር የሚታየው ደግሞ አብዛኛው ነፃ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካም ሆነ ቁጥር ስፍር የሌላቸው የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት መግቢያ አይጠይቁም፤ ፓንቴዮን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ዩሮ ያስከፍላል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች ሁሉ ነፃ ናቸው፤ የቫቲካን ሙዚየም በበኩሉ በወሩ የመጨረሻ እሑድ እስከ እኩለ ቀን ገደማ ያለ ክፍያ ያስገባል፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። የከተማ አውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃም ያገለግላል። ውኃ መግዛት ደግሞ ገንዘብን መጣል ነው፤ በየመንገዱ ሳያቋርጥ የሚፈሰው የብረት ቧንቧ አፉን በጣት ሲደፍኑት በላዩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጡታል። ቡና የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው፤ ወንበር ስበው ከተቀመጡ ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ሰው ሮም ሌላ ነገርም አላት። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንደወጡ የሚረግጡት ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ ስሙ በ1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ሐውልታቸውም ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በግብፅ ሐውልት ላይ ተሠርቶ ቆሟል። የአክሱም ሐውልትም በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ለረጅም ዘመን የቆመው እዚሁ ከተማ፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ ነበር። ይህን ሁሉ ለማየት አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። በቴርሚኒ ዙሪያ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግን አልመክርም፤ ከሁለት ቀን በኋላ እናቱ ቤት እንጀራ የሚበላ ሰው ለምን በዩሮ ይገዛዋል?

ቪየና በግልጽ የምትበልጠው ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ በሚደረገው ጉዞ ነው። አረንጓዴው ፈጣን ባቡር በ16 ደቂቃ ያደርሳል፤ ተራው የከተማ ባቡር ደግሞ ዋጋው ከዚያ ሲሶ ገደማ ሆኖ የሚዘገየው በአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፈጣኑን የሚሳፈረው ማስታወቂያውን ያመነ ብቻ ነው። ከሮም አየር ማረፊያ ከፊዩሚቺኖ ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 14 ዩሮ ነው፤ ተራው የኤፍ ኤል 1 ባቡር 8 ዩሮ ቢሆንም ቴርሚኒ አይገባም፣ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ በተባሉት ጣቢያዎች ያወርዳል። ርካሹ አውቶቡስ ነው፤ የ14ቱ ዩሮ ግማሽ ገደማ ይከፈልበታል። የወረቀት የባቡር ትኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን መመታት አለበት፤ ካልተመታ ተቆጣጣሪው ቅጣት ይጽፋል እንጂ ቱሪስት ነኝ የሚለውን አይሰማም። እሑድን በተመለከተ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ቪየና ውስጥ ከባቡር ጣቢያ ሱቆች በቀር ሱፐርማርኬት ሁሉ ዝግ ስለሆነ፣ ዳቦና አይብ ገዝቶ ለመብላት ያሰበ ሰው ሳይወድ ምግብ ቤት ይገባል።

ሮምም የራሷ ወጥመዶች አሏት። የብርድ ወራቷ ዝናባማ ናቸው፤ ዝናቡ ጠብ እንዳለ ከየት መጡ ሳይባል የሚታዩት አዟሪዎች የሚሸጡት ጃንጥላ አንድ ነፋስ ሲመታው ዘንጉ ስለሚታጠፍ፣ ጃንጥላን ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። በነጠላ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡትን ታዋቂ ስም ያላቸው ኮፒ ቦርሳዎች መግዛት ደግሞ በጣሊያን ሕግ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ያስቀጣል፤ መቀጮው ከመቶዎች ዩሮ ይጀምራል። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈባቸው መንገዶች የሻንጣ ጎማ ይጨርሳሉ። የእኔን ሻንጣ ጎማ ያስቀየርኩት አዲስ አበባ መርካቶ ነው፤ የተገጠመው ጎማ ከሌላው በጥቂቱ ስለሚያንስ ሻንጣው እስከ ዛሬ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ስለ ሻንጣ ከተነሣ፣ ከአሜሪካ የሚሄድ ሐበሻ በጀርባው ቦርሳ ቢይዝም ለዘመድ የተላከ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ አለው። ቆይታው ከ24 ሰዓት ካነሰ እንደ መሸጋገሪያ ስለሚቆጠር ሻንጣው በቀጥታ እስከ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ ግን ሮም ላይ ተረክቦ ማስቀመጫ ቦታ በየቀኑ መክፈል ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የቲኬቱም ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ሻንጣ የበዛበት ሰው ሁለት ሌሊቱን ትቶ ከ24 ሰዓት ባነሰ ቆይታ አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአየር ማረፊያው ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን የማመልከቻው መደበኛ የመታያ ጊዜም በ2024 እ.ኤ.አ. ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል። ለሁለት ሌሊት ይህን ያህል ወጪና ጥበቃ አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁለቱንም ከተሞች ትቶ በቀጥታ ቢበር ይሻለዋል።

ቆይታው በመሄጃ እንጂ በመመለሻ ባይሆን ጥሩ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ በመመለሻ ሮምም ሆነ ቪየና ላይ ሻንጣውን ተረክቦ በጉምሩክ የሚወጣ ሰው በርበሬውንና ሽሮውን ቢያሳልፍም፣ እናቱ በጆንያ ጠቅልላ የሰጠችው ቅቤና ቋንጣ እዚያው ይወረስበታል።