ፊቱ የተፋቀ የሮም ሳንቲም ለመለየት ኦ.ሲ.አር.ኢ ይበቃል? ጅማ ሆኜ ሞከርኩት

መልሱን አስቀድሜ ልስጣችሁ፤ ይበቃል። ግን የንጉሡን ስም ብቻ ጽፋችሁ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ያናድዳችኋል።

ለማያውቀው፣ ኦ.ሲ.አር.ኢ የሮም ነገሥታትን ሳንቲሞች በዓይነት በዓይነት የዘረዘረ ድረ ገጽ ነው። ሙሉ ስሙ ኦንላይን ኮይንስ ኦፍ ዘ ሮማን ኢምፓየር ነው። የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ሲሆን ከ40 ሺህ በላይ ዓይነት ይዟል። ከአውግስጦስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ31 ጀምሮ፣ እስከ ንጉሥ ዘኖን ሞት እስከ 491 ድረስ ይሄዳል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መሠረቱ 10 ቅጽ ያለው ውድ መጽሐፍ ነው፤ ያንን ጅማ ውስጥ የት ታገኙታላችሁ? ድረ ገጹ ግን ነጻ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም።

የሞከርኩበት ሳንቲም የአክስቴ ልጅ ከአውሮፓ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ በጅምላ የሚሸጥ ርካሽ እሽግ ነው። ሻጩ «ብርም አለበት» ብሎ ነበር የለጠፈው፣ ስንከፍተው ሁሉም ነሐስ። የአብዛኞቹ ፊት አልቋል። ፈረንጅ አራዳ ላይ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው «በዚህ ብር ቡና አትገዛበትም ነበር?» አሉኝ። ለመማሪያ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሲወድቅም ሲጠፋም አያስጨንቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ጀማሪ ሁሉ በፊተኛው ገጽ በኩል የንጉሡን ስም ለማንበብ ይታገላል። ተዉት። በተለይ የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ያሳብዳል፤ ቆንስታንቲኑስ፣ ቆንስታንቲዩስ፣ ቆንስታንስ፣ የሁሉም ስም አንድ ዓይነት ነው የሚጀምረው፣ ጫፉ ከተፋቀ አለቀ። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ድሮ ገበያ ላይ ጠገራ ብር የሚቀበለው ነጋዴ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልገውም ነበር፤ የሴትየዋን ቅርጽና የጌጧን ዕንቁ ያይና ይቀበላል። ይሄም እንደዚያው ነው።

በርካሽ እሽግ ውስጥ የሚመጣው በብዛት የ4ኛው ክፍለ ዘመን ትናንሽ ነሐስ ስለሆነ ሥዕሎቹ ይደጋገማሉ። ሁለት ወታደሮች ቆመው በመካከላቸው ሁለት የጦር ዓርማ (ዘንግ ላይ ያለ ሰንደቅ) ካለ ከ330 እስከ 335 ገደማ ነው፣ ዓርማው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጊዜ። ተኩላ ሁለት ሕፃናት ስታጠባ ካያችሁ ከ330 ወዲህ የወጣው የሮም ከተማ መታሰቢያ ነው። ወታደር ከፈረስ የሚወድቅ ጠላትን በጦር ሲወጋ ከሆነ ከ348 ወዲህ ነው። ንጉሥ ምርኮኛ እየጎተተ ከሆነ ነገሥታቱን ቫለንቲኒያንና ቫሌንስን አስቡ፣ ከ364 በኋላ። እነዚህን በቃል ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ድረ ገጹ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ብረቱን ነሐስ ብላችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከጀርባው ጽሑፍ የተረፈች ቃል ካለች ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ዝርዝሩን በንጉሥና በተሠራበት ከተማ ታጠብቡታላችሁ። ከተማውን የምታገኙት ከሥዕሉ እግር ስር ካሉት ጥቃቅን ፊደላት ነው፤ «ኤ፣ ኤል፣ ኢ» ካለ እስክንድርያ ነው፣ «ኤስ፣ አይ፣ ኤስ» ካለ የዛሬዋ ክሮኤሺያ ውስጥ ያለችው ሲስኪያ። ጭንቅላቱ ላይ ያለውንም አትርሱ። ትንሽ ሳንቲም ላይ ጨረር ያለው ዘውድ ከታየ ብዙ ጊዜ 3ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የዕንቁ ጥምጥም ከሆነ ከቆስጠንጢኖስ የመጨረሻ ዓመታት ወዲህ።

የማይመቸው ምንድነው? አንደኛ፣ ፎቶዎቹ የሙዚየም ስለሆኑ በጣም ያምራሉ። የእናንተ ሳንቲም ያንን አይመስልም፣ ስለዚህ አቋሙን ብቻ አወዳድሩ። ሁለተኛ፣ በግሪክኛ የተጻፉትን የአውራጃ ሳንቲሞች አይዝም። በግሪክኛ የተጻፈ የጥንቱ የእስክንድርያ ሳንቲም እጃችሁ ከገባ እዚህ ስትፈልጉት ብታድሩ አታገኙትም፤ ለእሱ ሮማን ፕሮቪንሻል ኮይኔጅ የሚባል ሌላ ነጻ ገጽ አለ። ፎቶ አንስታችሁ ስም የሚነግሯችሁ የስልክ አፖችንስ? የተፋቀ ሳንቲም ስታሳዩት እርግጠኛ ሆኖ የማይሆን ነገር የሚነግራችሁ አለ። እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር። የጣሪያውን መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት፣ የጠፋው ሥዕል ጥላ ይሠራል። ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ የምሠራው ይሄንኑ ነው፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀመን። በሎሚና በጨው እሹት የሚላችሁን አትስሙ፣ የላዩን ሽፋን ይበላዋል። የተጣራ ውሃ (ጋራዥ «የባትሪ ውሃ» የሚሉት) ውስጥ መዘፍዘፍ ይበቃል። ጋራዥ ስትጠይቁ ግን ተጠንቀቁ፣ የባትሪ ውሃ ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ። የኛ ዝናብና እርጥበትም ለነሐስ ጠላት ነው። ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ከሌሎቹ ለዩት፣ ከጫማ ካርቶን የምታገኟትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢትም አብራችሁ አስቀምጡ።

ደግሞ ሳንቲም እንደምሰበስብ ሲሰማ «የአክሱም አለኝ» ብሎ የመጣ ሰው ነበር። የአገር ቅርስ ስለሆነ አልነካም፤ እናንተም አትንኩ።

ከ5 ላይ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በስልክ ስክሪን ላይ ማጣሪያዎቹን መምረጥ አድካሚ ስለሆነ ነው፤ ላፕቶፕ ካላችሁ በሱ ክፈቱት።