«በሁለቱም ኮምፒውተር ይሠራል» ተብሎ ስለሚሸጥ የቀረጻ ሶፍትዌር

በሐዋሳ በስቱዲዮም ሆነ በመኖሪያ ቤታችሁ የመዝሙርና የሙዚቃ ቀረጻ የምትሠሩ ወገኖች፣ ኩቤዝን የመሰለ ሶፍትዌር «በሁለቱም ኮምፒውተርህ ይሠራል» ተብላችሁ ከሱቅ ከመግዛታችሁ በፊት በእኔ ላይ የደረሰውን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ አሻሻጥ ሌላም ቦታ ስላየሁ ጉዳዩ የአንድ ነጋዴ ብቻ አይመስለኝም።

ቅንብሩን የምሠራው ቤት ባለው ዴስክቶፕ ሲሆን፣ መዘምራንን ባሉበት ለመቅረጽ ደግሞ ላፕቶፕ ይዤ እሄዳለሁ። በአንዱ የጀመርኩትን በሌላው ለመቀጠል እንዲያመቸኝ ኩቤዝ 12ን በሁለቱም ላይ ለማስጫን ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ጋር በ7,000 ብር ተስማማሁ። ሻጩ «ኦርጂናል ነው፣ አካውንት አለው» አለኝ፤ እኔም አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተ ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

ዴስክቶፑ ላይ ያለ እንከን ሠራ። ላፕቶፑ ላይ ግን የተፈቀደው የኮምፒውተር ቁጥር መሙላቱን የሚገልጽ መልእክት እያወጣ አልከፈትም አለ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የኩቤዝ ሠሪ የሆነው የጀርመኑ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2022 ኩቤዝ 12ን ሲያወጣ ዶንግሉን (ፈቃዱን የሚይዘውን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ቁልፍ) ትቶ ፈቃዱን ከተጠቃሚው አካውንት ጋር ያያዘው ሲሆን፣ አንድ ተጠቃሚ እስከ 3 በሚደርሱ ኮምፒውተሮች ላይ አክቲቬት ማድረግ (ፈቃዱን ማስነሣት) ይችላል። ሦስቱ ቦታዎች ግን የአንድ ሰው ናቸው። ሻጩ በራሱ ስም የተከፈተውን አካውንት ለተለያዩ ደንበኞች ሲያከፋፍል ቆይቶ ለእኔ የደረሰኝ የመጨረሻው ቦታ ነበር። የይለፍ ቃሉም በእጁ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ዳግም ቢጫንብኝ ዴስክቶፑንም ያለ እሱ መልሼ ማስነሣት አልችልም ማለት ነው።

ስደውልለት «አምጣው፣ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ተቀበለኝና በማግሥቱ መለሰልኝ። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ኩቤዝ 5 በክራክ (የፈቃድ ቁልፉን በሕገ ወጥ መንገድ በሚሰብር ፋይል) እንደጫነበት አልነገረኝም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መከፈቱን ብቻ አይቼ ወጣሁ። ያወቅሁት ታቦር አካባቢ ለቀረጻ የተጠሩ መዘምራን ማይክሮፎን ፊት ቆመው እየጠበቁኝ ሳለ ነው። ቤት የጀመርኩትን ፕሮጀክት ስከፍት የጎደሉ ፕለጊኖች (ኩቤዝ ውስጥ የሚጨመሩ የሙዚቃ መሣሪያና የድምፅ ማሳመሪያ ፕሮግራሞች) ዝርዝር መጣ፤ የከበሮው ትራክ ድምፅ የለውም፣ በድምፃውያኑ ላይ የጫንኩት ሪቨርብም (የማስተጋባት ድምፅ) ጠፍቷል። ሰዓት ስለተሻማብኝ «እሺ» የሚለውን ተጭኜ ቀረጽኩና በዚያው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁ። ወደ ዴስክቶፑ ስመልሰው የአንድ ሳምንት የሚክስ (ድምፆችን የማመጣጠን) ሥራዬ የለም። በአዲሱ ስሪት የተሠራን ፕሮጀክት በአሮጌው ከፍቶ በላዩ ላይ ሴቭ ማድረግ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። አሁን ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ከማሻገሬ በፊት «ባክአፕ ፕሮጀክት» በሚለው ትእዛዝ የድምፅ ፋይሎቹን ጭምር በአንድ ፎልደር እቀዳለሁ።

በዶላር መክፈያ ካርድ ለብዙዎቻችን በቀላሉ ስለማይገኝ ወደ ሱቅ መሄዳችንን አልነቅፍም። ሆኖም ሻጩ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ከፍቶ ግዢው በስማችሁ መመዝገቡን እፊታችሁ ካላሳያችሁ አትክፈሉ። ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ይዛችሁ ሂዱና በሁለቱም ላይ አክቲቬት ሲሆን እዩ። ኤፍኤል ስቱዲዮ የተባለውን ሌላ የሙዚቃ ሶፍትዌር የምትገዙ ደግሞ አንድ ፕሮጀክት ሴቭ አድርጋችሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ፣ መልሳችሁ ክፈቱት፤ የነጻው የሙከራ ስሪት ሁሉን ይሠራል፣ ሴቭም ያደርጋል፣ ያስቀመጠውን ግን መልሶ አይከፍትም። ይህንኑ የሙከራ ስሪት እንደ ሙሉ አድርገው የሸጡለት ጓደኛ አለኝ። አሮጌ የኩቤዝ ዶንግል «በርካሽ» ቢያቀርቡላችሁም፣ ስታይንበርግ የዶንግሉን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2025 መዝጋቱን አስታውሱ። ወጪው ለከበደበት ሪፐር የተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ለግል ተጠቃሚና ለአነስተኛ ሥራ በ60 ዶላር ይሸጣል፤ በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ እስከሠራችሁ ድረስም በራሳችሁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ልትጭኑት ትችላላችሁ።

ደረሰኙንም ከሱቁ ሳትወጡ አንብቡት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ለእኔም ተሰጥቶኝ ነበር። ገንዘቤን ልጠይቅ ስመለስ አውጥቼ ሳየው ግን «የኮምፒውተር ጥገና፣ 7,000 ብር» ይላል። ሻጩም ወረቀቱን እያሳየኝ ሶፍትዌር እንዳልሸጠልኝ ተከራከረና፣ ከብዙ ንትርክ በኋላ 2,500 ብር መልሶልኝ ተለያየን።