ለኦፕን ሶርስ ጀማሪዎች የትኛውን ቻት እንክፈት?

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብሎ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ተማሪ አስቡ። ዋይፋዩ እምቢ አለው። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ስለሌለው እርዳታ የሚጠይቀው በስልኩ ነው፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። የመረዳጃ ቻት ስትመርጡ ከዚህ ልጅ ተነሱ።

በእኔ እምነት የሚሻለው ቴሌግራም ነው። ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ቀድሞም አለ። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ አዲስ ገቢ የቆየውን ውይይት እንዲያነብ መፍቀድም ይቻላል። ችግሩ ትርምሱ ነው። የልጁ ጥያቄ በ«እንዴት አደራችሁ» እና በስቲከር መሃል ተውጦ ይቀራል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣውን ቶፒክስ አብሩት፤ ግሩፑ በርዕስ በርዕስ ይከፈላል። «መጫን»፣ «ዋይፋይ»፣ «የአማርኛ ኪቦርድ» ለመነሻ ይበቃሉ። ካበዛችሁት ጀማሪው የት እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። «ዋይፋይ» ላይ ደግሞ ይህን ፒን አድርጉ፦ ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝ፣ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋሪያ) አብራ፣ በስልኩ ዳታ ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አውርድ። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይገላገላል።

ዋትስአፕም ስልክ ላይ አለ፤ ግን የአባላት ስልክ ቁጥር ለማያውቁት ሰው ሊታይ ይችላል። በተለይ ለሴት ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቴሌግራም ላይ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል።

ዲስኮርድ በድምፅ እየተነጋገሩ ስክሪን እያጋሩ ለማስተማር አሪፍ ነው። የስላክ ነፃው አማራጭ የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አይአርሲ የሚባለው በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ቻት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ነባር ፕሮግራመሮች አሁንም እዚያ ናቸው። ግን መብራት ሄዶ ከወጣችሁ በመሃል የተጻፈላችሁ መልስ አይጠብቃችሁም።

ማትሪክስ የሚባለው ቻት ከልቤ የምወደው ነው። ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው፣ የራሳችሁን ሰርቨር መትከል ትችላላችሁ፣ የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላም እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይአርሲ ወደ እሱ ዞሯል። የቴሌግራም የሰርቨር ኮድ ዝግ ነው የሚሉ ወገኖች እውነታቸውን ነው። ሆኖም ሰርቨር ምረጥ፣ የቆዩ መልእክቶችህን የሚመልስልህን ቁልፍ አስቀምጥ ማለት ዋይፋይ ላጣ ልጅ ይከብዳል። ስለዚህ ማትሪክሱን ለረዳቶቹ ክፈቱና ከቴሌግራሙ ጋር በብሪጅ (መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሻግር ፕሮግራም) አገናኙት። ልጁ በቴሌግራም ይጠይቃል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ከማትሪክስ ሳይወጣ ይመልስለታል።