ጉልበቴ ከተሠራ በኋላ ስምንት ወር ከጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን ጋር

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የግራ ጉልበቴ የፊት ጅማት፣ ኤሲኤል የሚባለው፣ በአዲስ ተተካልኝ። የተበጠሰው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። እግሬ መሬት ይዞ ሰውነቴ ሲዞር ቷ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ወደቅሁ። ኦፕራሲዮኑን አዲስ አበባ ሄጄ አደረግሁ፣ ያገገምኩት ግን እዚሁ ጎንደር ቤቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን «ጭንህን ጠበቅ አድርገው» ተባልኩ። ሞከርኩ። ምንም የለም! ጭኔ የሌላ ሰው ይመስል ዝም አለኝ። ፊዚዮዋ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ፣ እንዳስረዳችኝ፣ ጉልበት ሲያብጥና ውሃ ሲቋጥር ወደ ፊተኛው የጭን ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ይታፈናል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፣ ትእዛዝ አይደርሰውም እንጂ። ሥራ ሲፈታ ደግሞ በቶሎ ይሟሽሻል። ማሽኑ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓድ በኩል ነርቩን ይቀሰቅስና ጡንቻው ይኮማተራል።

የእኔው ባለ ሁለት መስመርና ባለ አራት ፓድ ነው፣ በእጅ የሚያዝ፣ በቻርጅ የሚሠራ። ዋጋው የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ወጥቶበታል።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት አባከንኳቸው። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው፤ አንዱ ቴንስ ነው፣ ሕመም ማስታገሻ። ሌላው ጡንቻ ማኮማተሪያው ነው። እኔ ቴንሱ ላይ አድርጌ፣ ደስ የሚል መንዘር እየተሰማኝ፣ ስልኬን እየነካካሁ እቀመጥ ነበር። ፊዚዮዋ ስታየኝ «ወንድሜ፣ ጡንቻህ ካልተጨበጠ ምንም እየሠራህ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ እሷ ራሷ አስተካከለችልኝ፦ በሴኮንድ 50 ምት፣ የአንዱ ምት ርዝመት 400 ማይክሮሴኮንድ፣ 10 ሴኮንድ ማኮማተር፣ 50 ሴኮንድ ዕረፍት፣ እንዲህ 15 ጊዜ። ዕረፍቱ ረጅም የሆነው በኤሌክትሪክ የተኮማተረ ጡንቻ ቶሎ ስለሚደክም ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አሳጥሬው ነበር፣ አምስተኛው ላይ የጭኔ መኮማተር ሁሉ ደከመ።

ኃይሉ ላይ ግልጽ ልሁን። ያማል። የሚጠቅመውም መታገሥ እስከምትችሉት ድረስ ከፍ ሲል ነው። በ25 ሚሊአምፔር ጀመርኩ፣ በስድስተኛው ሳምንት 60 ደረስኩ። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ጭኔ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አይታ «በስመ አብ!» ብላ ከክፍሉ ወጣች፤ በሳምንቱ ግን ሰዓት የምትቆጥርልኝ እሷ ሆነች። ሌላው ዋና ነገር፣ ማሽኑ ሲይዝ እናንተም አብራችሁ ጭናችሁን ማጥበቅ አለባችሁ። ለእኔ ለውጡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሬን ዘርግቼ ከጉልበቴ ሥር ፎጣ እያደረግሁ ነበር የምሠራው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደ ፊት ማወናጨፍ አዲሱን ጅማት ስለሚስብ ከባለሙያ ፈቃድ ውጭ አትሞክሩት።

ጭኔን ከጉልበቴ ሎሚ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብዬ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ከቀኙ 4 ሴንቲሜትር ቀጥኖ ነበር። በአምስተኛው ወር ልዩነቱ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ሆነ። ይህን ሁሉ ማሽኑ ሠራው አልልም። ስኳቱም (ቁጭ ብድግ ማለቱ)፣ ደረጃ መውጣቱም፣ ብስክሌቱም አለ። ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርኩ ሽሮና ምስር ጠግቤ እበላ ነበር፣ ጡንቻ ያለ ምግብ አይመለስም።

ጥር 11 ጥምቀት ላይ ዘጠኝ ሳምንት አልፎኝ ነበር። ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ በባጃጅ ሄድኩ፣ ግፊያው ውስጥ ግን አልገባሁም። ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ጎንደር ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ እና እግር የሚፈተነው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ስትወርዱ ሰውነታችሁን ፍሬን የሚይዝላችሁ ያው የፊት ጭን ነው። ከፒያሳ ወደ ቤቴ ስወርድ ጉልበቴ መክዳቱን ያቆመው በየካቲት ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚጨምርልኝ ነገር እያነሰ መጣ። ሦስተኛው ወር ሲያልፍ በሳምንት ሁለቴ፣ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ተውኩት፤ ክብደት ማንሳት የበለጠ ይሠራል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይግዛ። ከግማሽ ዓመት በኋላ ከሆነ ብሩን ለጂም ያውለው።

የማይመቹኝ ነገሮች፦ ፓዱ ከ25 ጊዜ አካባቢ በኋላ መልጠፉን ያቆማል፣ ሲላቀቅ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ ይወጋል። በበጋው አቧራ ይብሳል። ጭኔን በውሃ እየጠረግሁ፣ ፀጉሩን እየላጨሁ፣ ፓዱ ላይ ጠብታ ውሃ እያደረግሁ ትንሽ አራዘምኩት። መለዋወጫውን እዚህ አጥቼ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፣ ስለዚህ ስትገዙ ተጨማሪ ፓድ አብራችሁ ግዙ። ገመዱ አራተኛው ወር ላይ ከሥሩ ተበጠሰ፤ አንድ ስልክ ጠጋኝ በያጅልኝ፣ እስካሁን ይሠራል። ባትሪው አንድ ሳምንት ስለሚቆይ መብራት ሲጠፋ አልተቸገርኩም።

ልብ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው። ቁስሉ ሳይደርቅ ላዩ ላይ ፓድ አይለጠፍም። ባታችሁ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ማሽኑን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

አሁን በሐምሌ እሮጣለሁ። ኳስ ግን ዘጠኝ ወር ሳይሞላና የሁለቱ እግሮቼ ጥንካሬ ሳይለካ አልነካም። ማሽኑን ባለፈው ሳምንት እንደ እኔ ለተሠራ የሰፈራችን ልጅ አዋስኩት። ፓዱን ግን አዲስ እንዲገዛ ነገርኩት፣ ፓድ ከሰው ጋር አይጋሩትም። ሲጀምር አጠገቡ ሆኜ ቴንሱ ላይ አለማድረጉን አየሁለት።