ሃርትፍሎው፦ አባቴን ካልተፈለገ ስቴንት ያዳነ ምርመራ

አባቴ ቨርጂኒያ እኛ ጋ ከመጡ ጀምሮ ደረጃ በወጡ ቁጥር ቆም ብለው ደረታቸውን ያሻሉ። "ጋዝ ነው" ይሉናል። ጋዝ አልነበረም። ሲቲ ስካን ሲነሡ የልባቸው ደም ስር ሁለት ቦታ ላይ ጠቦ ተገኘ።

ግን ጠበበ ማለት ሁልጊዜ ደም አላሳልፍ አለ ማለት አይደለም። ቁርጡን ለማወቅ የተለመደው መንገድ ካቴተር የሚሉትን ቀጭን ቱቦ በደም ስር አስገብቶ ግፊቱን በቀጭን ሽቦ መለካት ነው። ሃርትፍሎው ያንኑ የሲቲ ምስል ይወስድና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የደም ስሮቹን ቅርጽ ያወጣል፣ ባለሙያዎች አይተው ያርሙታል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ደሙ እንዴት እንደሚፈስ ያሰላል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ አባቴ አዞሩላቸው። ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይመስላል፤ አብዛኛው ሰማያዊ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ግን እየቀላ ይሄዳል። አንደኛው ጥበት 0.88፣ ሌላኛው 0.71። ቁጥሩ የደሙ ግፊት ጥበቱን ካለፈ በኋላ ከበፊቱ ምን ያህሉ እንደቀረ ነው የሚናገረው። ከ0.80 በላይ ከሆነ ደሙ በደህና ያልፋል፤ 0.80 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው የሚያሳስበው። አባቴ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አድርገው "እዚች ጋ ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ብለው አያውቁም።

በእጅ አንጓቸው በኩል ካቴተር ገባ፣ ሽቦውም ያንኑ አረጋገጠ። ሁለት ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ብለን ስንፈራ አንድ ብቻ ተደረገላቸው። ሌላው በመድኃኒት ተያዘ። እኔ ለዚህ ብቻ ደስ ብሎኝ እመሰክርለታለሁ።

የማይመች ነገርም አለው። ምስሉ ከተበላሸ ስሌቱ አይሠራም፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ሲመታ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ደም ስሩ ላይ ካልሲየም ሲበዛ ያስቸግራል። ማሽኑ ደግሞ "ትንፋሽ ያዙ" የሚለው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ማታውን ኩሽና ቁጭ ብለን "ብሪዝ ኢን፣ ሆልድ" እያልኩ አለማመድኳቸው፣ በማግስቱ አንድም ሳይሳሳቱ ወጡ። ያንገላታን ኢንሹራንሱ ነው፤ ፈቃድ እስኪሰጥ ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ በየቀኑ እደውል ነበር።

ደረቱን አሁን ጨምድዶ ለያዘው ሰው ይሄ ምርመራ አይሆንም፤ ያኔ ወዲያው 911 ነው። ቀጠሮ ያላችሁ ግን አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ውጤቱ ሲመጣም "ጠቧል" በሚል ብቻ አትመለሱ፣ የእያንዳንዱን ጥበት ቁጥር አስነግሩ።